ቢጫው ድንጋይና የምላጩ አፍ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ የድንጋይ ታሪክ ነው። ወርቅ አይደለም፣ አልማዝ አይደለም፤ ቀለሙ ቢጫ፣ ውፍረቱ የጣት ያህል የሆነ ዝርግ ድንጋይ ነው። ነገር ግን በዘመኑ ከቤልጅግ ተራሮች ተነስቶ ባሕር ተሻግሯል፣ ብዙ ጉንጭ አለስልሷል፣ ብዙ ፀጉር አስተካካይ እንጀራ በልቶበታል። ስሙ ኮቲኩል ይባላል። ሥራው የሚታጠፈውን ረጅም ምላጭ የመጨረሻውን ስለት ማስያዝ ነው። የመጨረሻውን ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያች ላይ ናት።

ታሪኩ የሚጀምረው ሰው ከመፈጠሩ በፊት ነው። ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት፣ ዛሬ አርደን የሚባለው ደጋማ የቤልጅግ ምድር ባሕር ነበር። በባሕሩ ወለል ላይ ደቃቅ ጭቃ ይነጠፋል፤ በጭቃው መካከል ደግሞ አልፎ አልፎ ማንጋኒዝ የበዛበት ቀጭን ንጣፍ ይተኛል። ይህ ቀጭን ንጣፍ ከየት መጣ በሚለው ላይ የሥነ ምድር ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። አንዱ ወገን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው ይላል፤ ሌላው አይደለም ይላል። እኛ እነሱን ሲከራከሩ ትተን እንለፍ።

ዘመን በዘመን ላይ ተደራረበ። ምድር ታጠፈች፣ ተጨመቀች፣ ጋለች። ብዙው ጭቃ ሰሌዳ የሚሠራበት ጥቁር ሰማያዊ ዝርግ ድንጋይ ሆነ። ማንጋኒዝ የበዛበት ንጣፍ ግን ሌላ ዕጣ ወጣለት፤ በውስጡ ጋርኔት የሚባል ጠንካራ ማዕድን በቀለ። ሽንብራ በሊጥ ውስጥ ተለውሶ እንደሚታይ፣ ጋርኔቶቹም ሚካ በሚባል ለስላሳ ማዕድን ውስጥ ተሰግስገው ቀሩ። ልዩነቱ መጠናቸው ላይ ነው፤ እነዚህ በዓይን አይታዩም። አብዛኞቹ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ቢሆኑ ነው። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን እንደሚደርስ አስቡና አመዛዝኑት።

አሁን ወደ ምስጢሩ እንግባ። ጋርኔት ብረት ለመፋቅ በቂ ጥንካሬ አለው። ቅርጹ ግን እንደ ተሰበረ ጠርሙስ የሾለ አይደለም፤ ባለ 12 ገጽ ሆኖ ወደ ክብነት ያዘነብላል። ስለዚህ ብረቱን ሲነካ በጥልቀት አይቧጭርም፤ ላይ ላዩን እየፋቀ ያልፋል። የጋርኔቱን መጠን ብቻ የለካ ሰው፣ ይህ ድንጋይ ለምላጭ ሸካራ ነው ብሎ ይፈርድ ነበር። ጉንጭ ግን እንዲህ አይልም።

እንግዲህ ሰው ይምጣ። ሰው ጢሙን መላጨት ከጀመረ ጀምሮ ድንጋይ ሲያማርጥ ኖሯል። ሮማዊው ፕሊኒ፣ እ.ኤ.አ. በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ጊዜ የሞተው ማለት ነው፣ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ትልቅ መጽሐፉ መሳያ ድንጋዮችን በየዓይነቱ ለይቷቸዋል። አንዳንዱ በዘይት ይሠራል፣ አንዳንዱ በውሃ። ከዚያ አንድ ልዩ ወገን ይጠቅሳል፤ በፀጉር አስተካካዮች ቤት ያለውን። እሱ የሚሠራው በምን መሰላችሁ? በሰው ምራቅ! ከነዚህም የስፔኑን ያስበልጣል። ደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ባለሙያው ድንጋዩ ላይ ጢቅ እያለ ምላጩን ሲስል ይታያችሁ። የዛሬ ጤና ተቆጣጣሪ ቢያይ ምን እንደሚል እናንተው ገምቱ።

ዘመኑ ነጎደ። እ.ኤ.አ. በ1769 ደግሞ ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ምላጭና ቢላ ሠሪ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ዓላማ ሰው ራሱን በራሱ እንዲላጭ ማስተማር ነበር። ታዲያ ፔሬ አረፋ አመታትንና የእጅ አያያዝን አስተምሮ ዝም አላለም፤ የትኛው ድንጋይ ለየትኛው ስለት እንደሚሆንና ምላጭ የሚመላለስበት ቆዳ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጭምር አብሮ ጻፈ። አያችሁ፣ መላጨት የሚያውቅና መሳል የማያውቅ ሰው፣ ምላጩ የደነዘ ዕለት ሙያው ያበቃል።

ወደ አርደን እንመለስ። ሳልም የምትባል ወንዝ አለች። በዳርቻዋ ቪየልሳልምና ሳልምሻቶ የሚባሉ አነስተኛ ከተሞች ተቀምጠዋል። የአካባቢው ሰው ቢጫውን ድንጋይ ማውጣት ከጀመረ ዘመናት ተቆጥረዋል። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የቢጫው ንጣፍ ውፍረት ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ እሱም ተጣሞና ተሰነጣጥቆ በጥቁሩ ድንጋይ መሀል ተደብቋል። አንዲት ቀጭን ቢጫ መስመር ለመከተል ሲባል ብዙ ጥቁር ድንጋይ ይፈለፈላል፣ ይወጣል፣ ይጣላል። የወጣውም ሁሉ አይበጅም። ስንጥቅ ያለበት ይጣላል፤ ምላጭ የሚያጎድፍ ባዕድ ማዕድን የተጋደመበት ይጣላል።

የተረፈው ይሰነጠቃል፣ ይስተካከላል፣ ይለሰልሳል። ቢጫው ብቻውን ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ ከጀርባው ጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ በሙጫ ይለጠፍለታል። አልፎ አልፎ ግን ቢጫውና ጥቁሩ ተፈጥሮ ራሷ እንዳጣበቀቻቸው አብረው ይወጣሉ፤ እንዲህ ያለውን ሰብሳቢዎች በስስት ያዩታል። ማዕድን አውጪዎቹ እያንዳንዱን ንጣፍ በስሙ ይጠሩት ነበር። አንዱ ፈጥኖ ይፍቃል፣ አንዱ ዘገምተኛ ነው፣ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ለስላሳ። ተፈጥሮ የሠራችው ነገር ነውና ሁለት ኮቲኩል አንድ ዓይነት አይሆንም።

አሁን ደግሞ እናስብ። ዘመኑ 1900 ገደማ ነው እንበል፤ በቤልጅጓ ሊየዥ ከተማ ወደ አንድ ፀጉር ቤት እንግባ። አንድ ሽማግሌ ባለሙያ አለ፣ አንድ ለማጅ ልጅም አለ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላጭ ከነድንጋዩ ተሰጥቶታል። ደስ ብሎታል፣ ቸኩሏል። ምላጩን ድንጋዩ ላይ አሳረፈና በኃይል መግፋት ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆይ ልጄ» አለው ሽማግሌው። «በመጀመሪያ አፉ ገጥሟል ወይ?»

«አፉ ማለት ጌታዬ?»

«የምላጩ አፍ ነዋ! በግራና በቀኝ የተሞረደው ብረት ጫፍ ላይ ተገናኝቷል ወይ? ከተረከዙ እስከ ጫፉ? ካልተገናኘ ይህ ድንጋይ ምንም አያደርግልህም። መጀመሪያ በሸካራው ድንጋይ አግጥመህ ና።»

የኛ አገር ሰው ይህን ቢሰማ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብሎ ይተርትበት ነበር። የማጠናቀቂያ ድንጋይ ያላለቀን ሥራ አያጠናቅቅም። ሁለቱ ገጾች ጫፍ ላይ ሳይገናኙ ቢጫው ድንጋይ ላይ የሚውል ሰው፣ ብረቱን ያብረቀርቀዋል እንጂ አያስለውም። ዛሬም ድረስ አዲስ ለማጅ «ድንጋዩ አልሠራልኝም» ብሎ ሲያማርር፣ ከአብዛኛው ቅሬታ ጀርባ ያለው ይኸው ነው።

ልጁ ሄደ፣ አግጥሞ መጣ። እንዴት አወቀ? ሽማግሌው የክንዱን ጸጉር አሳየው። ምላጩ በሙሉ ርዝመቱ፣ በየትኛውም ነጥቡ፣ ቆዳ ላይ ተጠግቶ የክንድ ጸጉር ካጨደ ገጥሟል ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ዘሎ ካለፈ፣ እዚያ ቦታ ገና ነው።

ከዚያ ሽማግሌው ኮቲኩሉን ውሃ ጠብ አደረገበት። ከዚያው ዓይነት ድንጋይ የተቆረጠች ትንሽ ቁራጭ አነሳና ላዩን አሸት አሸት አደረገው። ነጣ ያለ ቀጭን ጭቃ ወጣ። ምላጩን ዝርግ አድርጎ አስተኛው፤ ጀርባውም ስለቱም በአንድ ጊዜ ድንጋዩን ነክተዋል። የዚህ ዓይነት ምላጭ አሠራሩ ራሱ ብልሃት ነው። የጀርባው ውፍረትና የገጹ ስፋት ተመጣጥነው ስለተሠሩ፣ ዝርግ አድርገህ ካስተኛኸው ማዕዘኑ በራሱ ይጠበቃል። ቢላ እንደሚስል ሰው በስንት ዲግሪ ላንሳ ብሎ መጨነቅ የለም። ታዲያ ጀርባውን ከድንጋዩ ያነሳ ሰው ያንን ብልሃት በገዛ እጁ ጣለው ማለት ነው።

ሽማግሌው ስለቱን አስቀድሞ ገፋ። ጥግ ሲደርስ ምላጩን በጀርባው ላይ ገልብጦ፣ በሌላው ፊቱ ስለቱን አስቀድሞ ወደ ራሱ ሳበ። ሲገለብጥ ስለቱ ወደ ሰማይ ያያል፤ ጀርባው ድንጋዩን አይለቅም። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ነጩ ጭቃ መጥቆር ጀመረ።

«አየህ?» አለ። «ይህ ጥቁረት ከምላጩ የወጣ ብረት ነው። ድንጋዩ እየበላ ነው።»

«እንግዲያው ጭቃውን ብናበዛው ቶሎ አይስልም?»

ሽማግሌው ሳቀ። «ቶሎ ይበላል እንጂ ቶሎ አይስልም።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የትረካችን ወገብ እዚህ ነው። ጭቃው ውስጥ ያሉት ጋርኔቶች ከድንጋዩ ተላቀው የሚንከባለሉ ናቸው። ሲንከባለሉ ብረቱን በፍጥነት ይበላሉ። ነገር ግን ስለቱ በጭቃው መካከል ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ እነዚያው ጋርኔቶች መጥተው ከጠርዙ ጋር ፊት ለፊት ይላተማሉ። በጎን በኩል ያስሉታል፣ በፊት በኩል ያደነዝዙታል። የሆነ ደረጃ ላይ ሁለቱ ይመጣጠናሉ፤ ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ ብታመላልሱ ስለቱ አንዲት እርምጃ ወደ ፊት አይሄድም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? መቀነስ! ሽማግሌው ጣቱን ውሃ ነከረና አንድ ሁለት ጠብታ ጨመረ። ጥቂት አመላለሰ። እንደገና ጠብታ ጨመረ። ጭቃው ሳሳ፣ ገረጣ፣ በመጨረሻም ታጥቦ ጠፋና ንጹሕ ውሃ ብቻ ቀረ። አሁን ጋርኔቶቹ ድንጋዩ ውስጥ እንደተሰገሰጉ ናቸው፤ ራሳቸው ብቻ ብቅ ብሏል። የሚበሉት እጅግ ጥቂት ነው። አንዱ ድንጋይ ፈጣኑም ዘገምተኛውም የሆነው በዚህ ነው፤ በጭቃ ይበላል፣ በውሃ ያጠናቅቃል።

እጁም አብሮ ይቀላል። ሲጀምር በመጠኑ ተጭኖ ነበር፤ አሁን የምላጩ ክብደት ብቻ ቀርቷል። የምላጩ ጠርዝ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ሲጫኑት ይለመጣል፤ የተለመጠ ጠርዝ ደግሞ ድንጋዩን በትክክል አይነካም። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። ምላጩ ሲሄድ ከስለቱ ፊት ቀጭን የውሃ መስመር እየተገፋ ነበር። በመጀመሪያ ውሃው እዚህም እዚያም ከሥር ሾልኮ ያመልጥ ነበር። ቆይቶ ግን መስመሩ ከተረከዝ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ስለቱ ላይ እየወጣ ገጹን ማርጠብ ጀመረ። ድምፁም ተለወጠ፤ ያ ሸርሸር የሚለው ጠፋና ብረቱ ድንጋዩን የሚይዝ፣ የሚመጥጥ መሰለ።

«አሁን?» አለ ልጁ።

«አሁን በቃ። ድንጋዩ ጨርሷል፤ የቀረው የቆዳው ነው።»

ምላጩ ታጥቦ ደረቀ። ከግድግዳ የተንጠለጠለው ጠፍር ተወጠረ። እዚህ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። አለበለዚያ ጠፍሩ ይቆረጣል፣ ምላጩም ይጎዳል። ከጥቂት ደርዘን ምልልስ በኋላ ሽማግሌው ከልጁ ራስ አንዲት ፀጉር ነቀለና አንጠልጥሎ ስለቱ ላይ ጣል አደረጋት። ፀጉሯ ለሁለት ተቆረጠች። «ይህ ማሳያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም» አለ። «ዳኛው ጉንጭ ነው።»

ከሊየዥ እንውጣ፤ ዘመን ሊገለበጥ ነውና።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1904 ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ፣ ደንዞ የሚጣል ስስ ምላጭ ለሚገጠምበት መላጫ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። የጋዝ ጭምብል ፊት ላይ ልክክ እንዲል ጢም መላጨት ግድ ሆነ፤ በምሽግ ውስጥ ደግሞ ድንጋይና ጠፍር ዘርግቶ የሚስል ማን ነው? የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫና 32 ሚሊዮን ምላጭ ገዛ። ወታደሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልማዱን ይዞ ገባ። ስለት የሚሳል ነገር መሆኑ ቀርቶ የሚገዛ ነገር ሆነ።

የአርደን ማዕድን ማውጫዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። 1980 አካባቢ ሥራው ቆመ ማለት ይቻላል። ሳልምሻቶ ውስጥ ድሮ ድንጋዩ ይዘጋጅበት የነበረው ፋብሪካ የኮቲኩል ሙዚየም ሆነ። ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎ ነበር፤ ግን አላበቃም። በ1990ዎቹ ማብቂያ አርደን ኮቲኩል የሚባል ድርጅት በዚያው አካባቢ ድንጋዩን ከመሬት ማውጣት እንደገና ጀመረ። ዛሬ የሚገዙት አናጢዎች፣ ምግብ አብሳዮች፣ ከሁሉም በላይ ግን በረጅሙ ምላጭ በቤታቸው ራሳቸውን የሚላጩ ሰዎች ናቸው።

ወደ ፀጉር ቤት ግን ድንጋዩ አልተመለሰም። እኛም አገር ብትሄዱ ቶንዶሱ ሥራውን ይሠራል፤ ጠርዝ ለማሳመር ባለሙያው አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ፣ ለሁለት ሰብሮ፣ ግማሹን መያዣው ላይ ይገጥማል። ኤችአይቪ «ስለታማ ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለውን ትምህርት በየቤቱ ካስገባ ወዲህ፣ ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ ማየት የደንበኛው መብት ሆኗል። ትክክልም ነው። አንድ ምላጭ ለብዙ ጉንጭ የሚሆንበት ዘመን አልፏል። የድንጋዩ ቦታ ዛሬ አንድ ሰው፣ አንድ ምላጭ፣ አንድ ጉንጭ ባለበት ነው።

ታዲያ ከመካከላችሁ አንዱ «እኔም ልሞክር፣ የቱን ልግዛ?» ቢለኝ ምን እላለሁ?

ኮቲኩል ብቻውን አይደለም። ጀርመኖች ከቱሪንጂያ የሚወጣ ደቃቅ ድንጋይ ነበራቸው፤ ኤሸር የሚል ምልክት ያለበት አሮጌው ድንጋይ ዛሬ በውድ ዋጋ ይፈለጋል። ጃፓኖች በኪዮቶ ዙሪያ ካሉ ተራሮች፣ በተለይም ናካያማ ከሚባለው ያወጡ ነበር። አሜሪካኖች የአርካንሳስን ነጭና ጥቁር ድንጋይ ይዘዋል፤ እሱ እጅግ ጠንካራና ዘገምተኛ ነው። በፋብሪካ የሚሠራም አለ፤ ቁጥር ተጽፎበት ይመጣል። በ1000 ቁጥር አፉን ያገጥማሉ፣ በ4000ና በ8000 ያልፋሉ፣ በ12000 ያጠናቅቃሉ። የፋብሪካው ጥቅሙ ዛሬ የገዛችሁትና ነገ የምትገዙት አንድ መሆኑ ነው። ለጀማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኮቲኩል የምትገዙ ከሆነ ግን በመልኩ አትታለሉ። ወጥ ቢጫ መሆኑ፣ ወይም መስመር ጣል ጣል ያለበት መሆኑ ብቻውን ስለ ሥራው ብዙ አይነግራችሁም። እጃችሁን አሳልፉበት፤ ስለት የሚያጎድፍ ስንጥቅ ወይም ጠንካራ ጅማት እንዳይኖርበት። ትልቅና የተስተካከለ ይወደዳል፤ ቅርጹ የተዛባ ቁራጭ ግን በርካሽ ይገኛል፣ ለአንድ ምላጭም ይበቃል። ከዚያው የሚወጣው ሰማያዊ ድንጋይ የጋርኔቱ ብዛት አነስተኛ ስለሆነ ዘገምተኛ ነው፤ ግራ እንዳይገባችሁ። ከመጠቀማችሁ በፊት ፊቱን በመስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፣ የጠርዙንም ሹል ማዕዘን ሰበር አድርጉት። ምላጭ በሹል የድንጋይ ጠርዝ ላይ ካለፈ የደከማችሁበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጎድፋል።

ከገዛችሁ በኋላ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ሌላ አትግዙ። በዚህ ሙያ የሚያጠምድ በሽታ አለ። ምላጩ ጉንጭ ሲቧጥጥ ሰው ወደ ገበያ ይሮጣል፤ የበለጠ ደቃቅ፣ የበለጠ ውድ፣ የበለጠ ሩቅ አገር የወጣ ድንጋይ ያመጣል። ሦስት ድንጋይ ይሆናል፣ አምስት ይሆናል፣ መደርደሪያ ይሞላል፤ ምላጩ ግን ያው ነው። ችግሩ ከታች ነበራ! አፉ አልገጠመም፤ ወይም ጭቃው አልሳሳም፤ ወይም እጁ አልቀለለም። እነዚህን የሚሸጥ ገበያ የለም።

አንዱን ይዛችሁ ቆዩበት። ጭቃው መቼ እንደሚጠቁር፣ ስንት ጠብታ እንደሚያሳሳው፣ ውሃው መቼ ስለቱ ላይ እንደሚወጣ፣ ድምፁ መቼ እንደሚለወጥ ከዚያው ድንጋይ ተማሩ። ከዚያ «የትኛው ድንጋይ ይበልጣል?» ለሚላችሁ ሰው የምትመልሱት አይጠፋችሁም፤ «መቼ ማቆም እንዳለብኝ ያወቅሁበት» በሉት። አላምንም ካለም አትከራከሩት። አረፋውን ምቱለት፣ ወንበሩን ሳቡለት፣ ፍርዱን ለጉንጩ ተዉለት።